አንድ ቀን በባንኮክ፦ ገበያውና ምሽቱ ለጥንዶች (ጥያቄና መልስ)

ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ለጫጉላ ባንኮክ የሚመጣው ወገናችን ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ በአየር መንገዳችን ቀጥታ በረራ አለ። ነፃ ቀን ሲያገኙ ግን ብዙዎቹ ሆቴላቸው አጠገብ ካለው ሞል አይርቁም። ይህ ያሳዝነኛል። ስለዚህ «ባልና ሚስት አንዱን ቀን እንዴት ያሳልፉት?» በሚለው ላይ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ እነዚህ ናቸው።

አዲስ ተጋቢዎች ነን። ያለን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። ከየት እንጀምር?

ከቻቱቻክ። ዋናው ገበያ ቅዳሜና እሁድ ይቆማል፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 12። በ27 ክፍሎች የተከፋፈሉ ከ15,000 በላይ ሱቆች አሉት። በምድር ውስጥ ባቡር ካምፌንግ ፌት ጣቢያ ውረዱ፤ መውጫው ገበያው ላይ ነው። ገና ሲከፈት ድረሱ። ከቀትር በኋላ በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ያለው ሙቀት ያዝላል። ከተጠፋፋችሁ መሃል ላይ ባለው የሰዓት ማማ ተገናኙ። የወደዳችሁትን ሱቅ ቁጥር ደግሞ ፎቶ አንሱት፤ ተመልሶ ማግኘት ቀላል አይደለም።

መርካቶ ነው ያደግኩት። ዋጋ ማስቀነስ አያቅተኝም። እዚያም ያው ነው?

ግቡ ያው ነው፣ መንገዱ ግን ይለያል። ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ ዕቃውን ማጣጣል፣ «ይሄ ነው ይሄ ሁሉ ብር?» ማለት እዚህ አይሠራም። ታይላንዶች ሰው ፊት መቆጣትን እንደ ነውር ነው የሚያዩት። ሻጯ ፊቷ ከተለወጠ ጨዋታው አበቃ። ፈገግ በሉ፣ «ሎት ዳይ ማይ?» ብላችሁ ትቀንሱልኝ እንደሆነ ጠይቁ። ካልኩሌተሯን ትሰጣችኋለች፤ የእናንተን ዋጋ ጻፉና መልሱላት።

ግማሽ ዋጋ ብላችሁ አትጀምሩ። ቻቱቻክ ላይ ብዙ ሱቅ ዋጋውን ለጥፎ ነው የሚሸጠው፤ ቅናሹም ትንሽ ነው። ሁለት ሦስት ዕቃ ከአንድ ሱቅ ስትገዙ ግን ነገሩ ይቀየራል። ብዛት ከፈለጋችሁ ፕራቱናም ሂዱ። የጅምላ ልብስ ሰፈር ነው፣ ከአንድ ሱቅ ሦስት ስትወስዱ ብዙ ጊዜ በጅምላ ዋጋ ይሰጧችኋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የጠራችሁትን ዋጋ ከተቀበለቻችሁ ግዙ። ተስማምቶ መተው ያስቀይማል።

ባለቤቴ ዕቃ ሲያይ «ወይኔ ሲያምር!» ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ይቀንስልኛል?

ሥራ ተከፋፈሉ። አንዳችሁ ተነጋገሩ፣ ሌላችሁ ዝም በሉ። በአማርኛ ብትማከሩም ፊታችሁ ሁሉን ይናገራል። ከመግባታችሁ በፊት «ከዚህ በላይ አንከፍልም» የምትሉትን ተስማሙ። ሻጭ ፊት ባልና ሚስት ሲከራከሩ ደግሞ ገበያውም ቀኑም ይበላሻል፤ ስለ ሃምሳ ባት አትኳረፉ።

ጾም ላይ ነን። የምንበላው እናገኛለን?

በደንብ። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ የ«ጄ» ምልክት ፈልጉ። ጄ የሚባለው ምግብ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የለውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም። ሌላ ቦታ «አትክልት ብቻ ነው» ቢሏችሁ እንኳ ጠይቁ፤ የዓሣ ሶስ ያልገባበት ወጥ እዚህ ብርቅ ነው።

ምሽቱን ምን እንይ? ሙዋይ ታይ (የታይላንድ ቦክስ) ለባለቤቴ ይከብዳት ይሆን?

ድብድብ ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ራጃዳምነን ስታዲየም በ1945 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ እዚያ ገብታችሁ መጀመሪያ የምታዩት ጭፈራ ነው። ተፋላሚው በራሱ ላይ የተባረከ ጥምጥም አስሮ፣ ተንበርክኮ፣ ለአስተማሪው በዝግታ ይጨፍራል። ከጎን ሙዚቀኞች አሉ፦ ዋሽንት መሰል መሣሪያ፣ ከበሮ፣ ጸናጽል። በነባሩ ደንብ ግጥሚያው 5 ዙር ነው፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ። ፍልሚያው ሲጋል ሙዚቃውም ይፈጥናል። እዚያው በቀጥታ ነው የሚጫወቱት፤ እኔ ለዚህ ሙዚቃ ስል ብቻ ብገባ ደስ ይለኛል። ደም ማየት የሚከብዳት ከሆነ ከመድረኩ ራቅ ያለ ወንበር ያዙ፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ጨርሶ ካልፈለገች ኮን አለ። ተዋንያኑ ጭንብል አድርገው ራማኪየን የሚባለውን የጥንት ታሪክ በዳንስ ይተርኩታል። ዩኔስኮ በ2018 በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። በ1933 በተከፈተው ሳላ ቻሌርምክሩንግ ቲያትር ይታያል። የታላቁ ቤተ መንግሥት የ500 ባት ትኬት ይህንንም ይጨምራል፤ ትርኢቱ ግን ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀን ነው። ቅዳሜ ብቻ ያላችሁ ሙዋይ ታይን ምረጡ።

በነፃ የሚታይስ?

ራትቻፕራሶንግ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለው የኤራዋን መቅደስ። ስለቱ የሰመረለት ሰው ለዳንሰኞች ይከፍላል፤ እነሱም በወርቃማ ልብስ ምስጋናውን ይጨፍሩለታል። ስለት ማግባትን ለሚያውቅ የእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። የሌሎች ጸሎት መሆኑን አስባችሁ ጸጥ ብላችሁ እዩ።

ቱክቱክ እንሳፈር?

ለደስታው አዎ፣ ዋጋ ተስማምታችሁ። መንገድ ላይ ቀርቦ «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን አመስግናችሁ እለፉ። ጉዞው የሚያልቀው የከበረ ድንጋይ ሱቅ ውስጥ ነው።

የቡድሃ ሐውልት ለስጦታ ብንገዛ?

ተዉት። ከአገር ለማውጣት የጥበብ መምሪያቸው ፈቃድ ያስፈልጋል። ለቤት ጌጥ መግዛቱም እነሱን ቅር ያሰኛል።

ቫት ይመለሳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን ለገበያ ዕቃ አይሆንም። የቫት ተመላሽ ምልክት የለጠፉ ሱቆች ብቻ ናቸው የሚሰጡት። በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ቢያንስ የ2,000 ባት ዕቃ ግዙ፣ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቅጹን እዚያው አስሞሉ። የገዛችሁት ዕቃ በጠቅላላ 20,000 ባትና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤርፖርት ስትደርሱ ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት ቅጹ ላይ ጉምሩክ ጋ ማኅተም አስመቱ።