ቪአር ለብሶ መተኮስ፦ ከጎንደር ለደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ፒያሳ ጌም ቤት አለኝ። ያገለገለ ኩዌስት 2 የተባለ የቪአር መነጽር (ፊት ላይ ታስሮ ሰውን ጌሙ ውስጥ ያለ የሚያስመስል) ገዝቼ ፓቭሎቭ ሻክ የተባለውን የጦርነት ተኩስ ጌም በደቂቃ ሒሳብ አጫውታለሁ። ብዙ ደንበኛ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ያዞረዋል፤ ባለፈው ሳምንት አንዱ ጭራሽ አስመለሰ። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ዕቃዎ ደኅና ነው። ዓይን «እየሮጥኩ ነው» ይላል፤ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ደግሞ «የለም፣ ቆመሃል» ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ ዕዳውን ሆድ ይከፍላል።

መጀመሪያ የሚነካው የመዞሪያው ምርጫ ነው። በእጅ የሚያዘውን የኮንትሮለር ዘንግ በቀኝ አውራ ጣት ሲገፉት ምስሉ ተንሸራቶ የሚዞር ከሆነ «ስናፕ ተርን» ወደሚለው ይቀይሩት። በአንድ ግፊት 30 ወይም 45 ዲግሪ ቆርጦ ያዞራል። ሰው የሚጥለው መንሸራተቱ ነው። ቀጥሎ ሌንሶቹን ይዩ። ኩዌስት 2 ላይ ሌንሶቹ በእጅ ተገፍተው ሦስት ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ 1፣ 2፣ 3 የሚለው ቁጥር 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የደንበኛውን ሁለት ብሌኖች ርቀት በማስመሪያ ለክተው ቅርብ በሆነው ላይ ያቁሙት። ብዙ ጌም ቤት ይህን ነገር ከገዛበት ቀን ጀምሮ ነክቶት አያውቅም፤ የዓይን ድካሙና ራስ ምታቱ ግን ከዚህም ሊመጣ ይችላል።

ለጀማሪ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ቢቀመጥ ደግሞ የተሻለ ነው። ቬንቲሌተር ፊት ለፊቱ ቢያቆሙለት ነፋሱ ወደ የት እንደዞረ ስለሚነግረው ይረዳዋል። ግንባሩ ላይ ላብ ካቸፈቸፈ ወይም ደጋግሞ ካዛጋ ወዲያው ያውልቅ። «ትንሽ ቻል፣ ትለምደዋለህ» የሚለው የጓደኛ ምክር ነው ሰውን ለማስመለስ የሚያበቃው። ዝንጅብል ሻይ አይከፋም፤ ሴቲንግ ግን አያስተካክልም።

ሳንጠየቅ አንድ ነገር እንጨምር። ጌም ቤቱ መንገድ ዳር ከሆነ የመነጽሩን ስፒከር ትተው በጎኑ ባለው ቀዳዳ ኢርፎን ይሰኩ። አለዚያ የተኩስ ድምፅ ከበር ሲወጣ አላፊ አግዳሚው ይደነግጣል።

ጥያቄ፦ የማራኪ ተማሪ ነኝ። ጌሙ ላይ ጋራንድ በሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ውስጥ ሦስት ጥይት ሲቀረኝ መጨመር ብፈልግ እምቢ ይለኛል። ካር98 የሚባለው የጀርመን ጠመንጃ ደግሞ አንዴ ተኩሶ ዝም ይላል። ሳነጣጥርም እጄ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ኤም ዋን ጋራንድ እንደ ክላሽ የሚነቀል ካርታ የለውም። 8 ጥይት በቆርቆሮ ክሊፕ ታስሮ ከላይ ይገባል። ስምንተኛው ሲተኮስ ክሊፑ «ጪንግ» ብሎ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ መቀርቀሪያውም ወደ ኋላ ተከፍቶ ይቆማል። ግማሹ የተተኮሰ ክሊፕ ላይ ጥይት መጨመር በእውነተኛው ጠመንጃም አስቸጋሪ ነው፤ ጌሙ ያንኑ ነው የቀዳው። ስለዚህ ወይ ሦስቱን ተኩሰህ ጨርስ፣ ወይ ክሊፑን አስወጥተህ ሙሉውን አስገባ። ተደብቀህ ሳለ ሦስቱን ወደ ግድግዳ መተኮስ ብክነት ቢመስልም ብዙ ጊዜ ፈጣኑ መንገድ እሱ ነው።

ካር98 ላይ ደግሞ በየተኩሱ አራት እንቅስቃሴ አለ፦ እጀታውን ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች። የሚረሳው የመጨረሻው ነው። መቀርቀሪያው ወደ ታች ካልተመለሰ አልተቆለፈም፤ ቃታውን ብትስብም መልስ የለም።

መንቀጥቀጡ የእጅህ ጥፋት አይደለም። ኩዌስት 2 እጅህን የሚያየው መነጽሩ ላይ ባሉት አራት ካሜራዎች ነው፤ እነሱም የኮንትሮለሩን ቀለበት ብርሃን ይከተላሉ። ሰደፉን ጉንጭህ ላይ ለማስደገፍ ቀኝ እጅህን ፊትህ ድረስ ስታመጣ ቀለበቱ ከካሜራዎቹ እይታ ይወጣል። ሁለቱ እጆች በአንድ መስመር ሲሆኑ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይጋርደዋል። በመነጽሩና በቀኝ እጅህ መካከል አንድ ጭብጥ ያህል ክፍተት ተው፤ ግራ እጅህን ትንሽ ዝቅ አድርገህ ክንድህን ደረትህ ላይ አሳርፍ። አንድ ዓይንህን መጨፈን አትርሳ፤ በሁለት ዓይን ማነጣጠሪያው ሁለት ሆኖ ይታያል።

ጥያቄ፦ አዘዞ ነው የምኖረው። በረንዳ ላይ ስጫወት እጄ ከጌሙ ውስጥ ይጠፋል። ማታ መብራት ሲሄድ ደግሞ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ጌሙ ይቆማል።

መልስ፦ በረንዳውን ዛሬውኑ ይተዉት። የፀሐይ ብርሃን ካሜራዎቹን ማደናገሩ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ሌንሱ ነው፦ መነጽሩ ተገልብጦ ፀሐይ ቢያርፍበት ሌንሱ እንደ ማጉያ መስታወት ብርሃኑን ሰብስቦ ስክሪኑን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያቃጥለዋል። የጎንደር የቀትር ፀሐይ ደግሞ ይታወቃል። ቢጫ ነጠብጣብ አንዴ ከወጣ አይለቅም። ሲያወልቁ ሌንሱ ላይ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት፤ መስኮት ሥርም አያስቀምጡት።

ማታ ያለው ችግር ሌላ ነው። ባትሪው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይሠራል፤ ነገር ግን ካሜራዎቹ ክፍሉን ለማየት ብርሃን ይፈልጋሉ። መብራት ሲሄድ መነጽሩ የት እንዳለ ራሱ አያውቅም። የቻርጅ መብራት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወደ ጣሪያው አዙረው ቢያስቀምጡ ይበቃል፤ ፊት ለፊት ከሆነ ግን ካሜራውን ያሳውረዋል። መብራት እያለም እጅዎ የሚዘል ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የትራኪንግ ፍሪኩዌንሲውን 50 ኸርዝ ያድርጉት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ 60 ላይ ተቀምጦ ከተገኘ የአምፖሉ ብልጭታ ይረብሸዋል።

ቦታውን በተመለከተ፣ 2 ሜትር በ2 ሜትር ባዶ መሬት ይኑር። ቦምብ ሲወረወር እጅ ወደ ላይም ስለሚሄድ የተንጠለጠለ አምፖልን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ይጫወት?

መልስ፦ የኩዌስት የራስ አካውንት ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ከ10 እስከ 12 ያለው ወላጅ በሚቆጣጠረው አካውንት ብቻ ይገባል። የጦርነት ተኩስ ጌም ግን ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። ሌላ ጌም ይፈልጉለት።

ጥያቄ፦ እነዚህ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጌሞች ሁልጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ናቸው። የጎንደር ጦርነት ጠመንጃ የትኛው ነበር?

መልስ፦ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር እጁን ሲሰጥ፣ የጣሊያን እግረኛ ዋና ጠመንጃ ካርካኖ ነበር። ጥይቱ 6 ነው፤ እሱም በክሊፕ ታስሮ ከላይ ይገባል፤ ክሊፑ ግን የሚወጣው በታች ነው። በደንብ የተሠራ ካርካኖ ያለበት ጌም ካገኘህ ይህን አስተውል፦ የመጨረሻው ጥይት ሲቀባበል ክሊፑ በሆዱ በኩል ይወድቃል። እግርህ ሥር ቆርቆሮ ስትሰማ አንድ ጥይት ይቀርሃል።