አባት «እግሬ አይቆረጥም» ሲሉ ልጅ ሊፈርምላቸው ይችላል?

ጥያቄ፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። የስኳር ሕመም ያለባቸው የ68 ዓመት አዛውንት እግራቸው ጠቁሮ እንዲቆረጥ ቢወሰንም እንቢ ብለዋል። ሌሊት ትኩሳት ይዟቸው ሲቃዡ አድረዋል። ልጃቸው ውክልና ይዞ መጥቶ «የአባቴ አእምሮ ደክሟል፣ እኔ ልፈርም» ይላል። ላስፈርመው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አያስፈርሙት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 196 መሠረት ሰው ሁሉ ችሎታ (ስለ ራሱ የመወሰን ብቃት) እንዳለው ይገመታል፤ የለውም ባይ ያስረዳል። ቁጥር 20 ደግሞ ምርመራንም ሆነ ቀዶ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እንቢ የማለት መብት ይሰጣል። ፍርድ ቤት አሳዳሪ (በእሳቸው ፈንታ የሚወስን ሰው) ካልሾመላቸው በቀር ልጅነት ብቻውን ለመፈረም አያበቃም። ውክልናውንም ገልጠው ያንብቡት። ጠቅላላ ውክልና ከሆነ በቁጥር 2203 መሠረት ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ የቤት ኪራይ ይሰበስብበታል እንጂ የአባቱን እግር አያስቆርጥበትም።

የሌሊቱ መቃዠት ግን በቀላሉ አይታለፍም። ችሎታ እንደ ሰዓቱና እንደ ጉዳዩ ይለያያል፤ ሌሊት የጠፋው ጠዋት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የደም ስኳራቸውን ይለኩ፣ ትኩሳቱ መውረዱን ያረጋግጡ፤ ሞርፊን ወይም ፔቲዲን የተባሉትን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች ወስደው ከሆነ እስኪለቃቸው ይጠብቁ። አማርኛ የማይቀናቸው ከሆነ ልጁ አያስተርጉም፤ የራሱን ፍላጎት ቀላቅሎ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ማስረዳቱ የቀዶ ሐኪሙ ድርሻ ነው፤ እርስዎ አብረው ይገኙ። «ገባዎት?» ብሎ «አዎ» መቀበል ትልቁ ስህተት ነው፤ ብዙ አባቶች ነጭ ጋውን ለለበሰ ሁሉ «አዎ» ይላሉ። ይልቅ «አባባ፣ ሐኪሙ የነገሩዎትን እስቲ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ፤ ባይቆረጥ ምን ይመጣል? እርስዎስ ለምን እንቢ አሉ?» ይበሏቸው። መረዳታቸውን፣ እስኪወስኑ ድረስ ማስታወሳቸውን፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ማመዛዘናቸውን፣ ውሳኔያቸውን በቃል ወይም በምልክት መግለጻቸውን ያስተውሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግመው ይጠይቋቸው።

«ካልተቆረጠ ልሞት እንደምችል ነግራችሁኛል፤ ሁለት እግሬን ይዤ ልሂድ» ካሉ፣ ልብ ቢሰብርም ችሎታ አላቸው። «እግሬ ምንም አልሆነም፣ ዛሬም ሮጬበታለሁ» ካሉ ግን ሐኪሙን ይጥሩ፤ የአእምሮ ሐኪምም እንዲያያቸው ይጠየቅ።

ካርዱ ላይ «ግራ ተጋብተዋል» ብቻ አይጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የስኳሩን መጠን፣ የተጠየቁትንና የመለሱትን ቃል በቃል ያስፍሩ፤ እንቢታቸውን በፊርማ ወይም በጣት አሻራ፣ ምስክር ባለበት ያስመዝግቡ። መቆረጥን እንቢ ማለት ሕክምናን ሁሉ እንቢ ማለት አይደለምና የቁስል እጥበቱ፣ አንቲባዮቲኩና የሕመም ማስታገሻው ይቀጥል፤ ሐሳባቸውን ከቀየሩም በማንኛውም ሰዓት እንዲነግሩዎት ያሳውቋቸው።