አዲስ ሃምስተር ቤት ሲገባ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ልጆች ውሻ ይለምናሉ፤ ወላጆች ሃምስተር በሚባለው አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ላይ ይስማማሉ። ውጭ አገር በሚኖሩ ብዙ ሐበሻ ቤቶች ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሃምስተር ማሳደግ ከጀመርኩ ዓመታት ስላለፉ፣ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ደረሰኝ። አስቸኳዩን አስቀድሜያለሁ።

ከገዛነው አምስተኛ ቀኑ ነው። ጅራቱ አካባቢ እርጥብ ሆኗል፣ ይሸታል፣ ምግብም አቁሟል። ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን አለ፤ ትንሽ በጥብጬ ልስጠው? (እናት፣ አትላንታ)

አትስጪው እህቴ። አሞክሲሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ዘመዶች ለእኛ መድኃኒት ናቸው፤ ለሃምስተር ግን መርዝ ናቸው። አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርሱና ክፉዎቹ እንዲራቡ በር ይከፍታሉ። በዚህ ብቻ የሚሞቱ አሉ።

የምትገልጪው ዌት ቴይል የሚባለውን የተቅማጥ በሽታ ይመስላል። ገና ጡት የጣሉ ትንንሾችን፣ በተለይ ከሱቅ ወደ ቤት ሲዛወሩ በሚደርስባቸው ጭንቀት የተነሳ ይይዛቸዋል። በ48 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ነገ አይባልም። ለእንስሳት ክሊኒክ ደውለሽ «ኤግዞቲክ (እንደ ሃምስተር ያሉ ያልተለመዱ የቤት እንስሳት) የሚያክም ሐኪም አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሁሉም የውሻ ሐኪም ሃምስተር አያክምም። እስክትደርሺ ሙቀት ያግኝ፣ ውኃው አጠገቡ ይሁን፣ አትጠቢው። ገና ያልታመመ ሃምስተር ያላችሁም የሐኪሙን ስልክ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ያዙ።

ትናንት ማታ አመጣነው። ከተደበቀበት አልወጣ ብሏል። ልጄ አልወደደኝም ብላ እያለቀሰች ነው። (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጅሽን አባብያት፤ እሱ ምንም አልሆነም። ከሱቅ ወጣ፣ ካርቶን ውስጥ ገባ፣ መኪና ላይ ተንገጫገጨ፣ ከዚያ አንድም የሚያውቀው ሽታ የሌለበት ቤት ደረሰ። ሃምስተር ሌሎች የሚበሉት እንስሳ ነው። ከላይ የሚመጣ እጅ ለእሱ ጭልፊት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አትንኩት። ውኃ ቀይሩለት፣ ምግብ አድርጉለት፣ ዝግ ባለ ድምፅ አናግሩትና ተዉት። የኬጁን አንድ ጎን በስስ ጨርቅ ብትሸፍኚለት ይረጋጋል። ልጅሽ ማታ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብላ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ድምፅ አውጥታ ታንብብለት። ድምፅዋን በዚያ ይለምዳል፤ እሷም የምትሠራው ነገር ታገኛለች።

ከዚያ በኋላ እጇን ታጥባ መዳፏን ከነአንድ የሱፍ ፍሬ ኬጁ ውስጥ ወለሉ ላይ ታሳርፍ። አታንቀሳቅሰው። ይመጣል፣ ያሸታል፣ ይሸሻል፣ ይመለሳል። አንድ ማታ ላይ ፍሬውን አንስቶ ጉንጩ ውስጥ ሲከት ታያላችሁ። መዳፏ ላይ በራሱ መውጣት ሲጀምር በሁለት እጅ እንደ ጽዋ አድርጋ ታንሳው፤ ወለል ላይ ተቀምጣ ግን፣ ከወደቀ ይሰበራል። አንዱ በሳምንት ይለምዳል፣ ሌላው ወር ይፈጃል። ማስቸኮል አይጠቅምም።

ነከሰኝ። ክፉ ነው ማለት ነው? (ወጣት፣ ፍራንክፈርት)

አይደለም። ወይ ተኝቶ ቀስቅሰኸዋል፣ ወይ እጅህ ምግብ ይሸት ነበር፣ ወይ ፈርቷል። ቀን ቀን አትቀስቅሰው። ቁስሉን በሳሙናና በውኃ በደንብ ታጠብ።

ሱቁ ባለ ብዙ ቀለም ፕላስቲክ ኬጅ፣ ቱቦና ትንሽ መሮጫ ጎማ በአንድ ሸጦልናል። ይበቃል? (አባት፣ ዳላስ)

አይበቃም፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ሱቅ ውስጥ «ለሃምስተር» ተብሎ የሚሸጠው ኬጅ በብዛት ለሃምስተር አይሆንም። ወለሉ ቢያንስ 100 በ50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ያገለገለ የዓሣ ገንዳ በርካሽ ይገኛል። ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጫ ክዳኑን ቆርጦ የሽቦ ወንፊት ቢገጠምለትም ይሠራል። ሃምስተሩ ሽቦ ሲያኝክ የሚያድር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቦታው ጠቦታል።

ከስፋቱ በላይ ሰዎች የሚረሱት ጥልቀቱን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ ሶሪያ ውስጥ አሌፖ አካባቢ አንዲት ሃምስተር ከነልጆቿ ከእርሻ መሬት አስቆፍሮ አወጣ። ጎሬዋን ለማግኘት ከሁለት ሜትር በላይ መቆፈር ነበረበት። ወደ ኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ወሰዳቸው፤ ዛሬ በየቤቱ ያሉት የሶሪያ ሃምስተሮች በአብዛኛው የእነዚያ ዘር ናቸው። የእናንተውም መቆፈር በደሙ አለ። ሁለት ጣት ንጣፍ አይበቃውም። ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የወረቀት ንጣፍ አድርጉለት፤ ጠቅጠቅ ሲል ዋሻው አይናድም። የጥድና የዝግባ ሰጋቱራ ሽታው ሳንባውን ስለሚጎዳ ይቅር። ለመኝታ ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ ጥጥም እግሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ከዋጠውም አንጀቱን ይዘጋል። ሽታ የሌለው የሽንት ቤት ወረቀት ቀድዳችሁ ስጡት፤ አልጋውን ራሱ ይሠራል።

የመሮጫው ጎማ ስፋት ለሶሪያው 28 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ድንክዬ ለሚባሉት ትንንሽ የሃምስተር ዝርያዎች 20 ይሁን። መርገጫው ድፍን መሆን አለበት። ሲሮጥ ጀርባው ከጎበጠ ጠቦታል። ሃምስተሩ ውስጡ ገብቶ እንዲሮጥ የሚሸጠውን ፕላስቲክ ኳስ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ መልሱት፤ ውስጡ ታፍኖ መውጫ አጥቶ ነው የሚሮጠው።

ብቻውን እንዳይሆን ሁለት ገዛን።

የሶሪያ ከሆኑ ዛሬ ማታ ለዩዋቸው። አድገው ሲደርሱ እስከ ሞት ይጣላሉ። ሃምስተር ብቸኝነት አይከብደውም። አንዷ ሴት አንዱ ወንድ ከሆኑማ እርግዝናው 16 ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ ሳታስቡት ልጆች ይወለዳሉ። ከወለደች ለሁለት ሳምንት ጎጆዋን አትነካኩ፤ የተረበሸች እናት ልጆቿን ልትበላ ትችላለች።

እሁድ እሁድ ቡና እናፈላለን፣ እጣንም እናጨሳለን። ኬጁ ሳሎን ነው ያለው። (ቤተሰብ፣ ሲያትል)

ከሳሎን ይውጣ። ሃምስተር ዓይኑ ደካማ ነው፤ የሚኖረው በአፍንጫውና በጆሮው ነው። የእጣን ጭስ፣ ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ፣ በርበሬ ሲታመስ እኛን እንኳ የሚያስለን ሽታ ለዚያች ሚጢጢ ሳንባ ከባድ ነው። የአየር ማጣፈጫ ስፕሬይና ሽቶም እንዲሁ። ቡናችሁ አይቅር! ቋሚ ቦታውን መኝታ ክፍል አድርጉለት፤ ቡናው ከመቆላቱ በፊት በሩን ዝጉ፣ ሳሎን ደግሞ መስኮት ክፈቱ። ክፍሉ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሲየስ ቢሆን ጥሩ ነው። ፀሐይ የሚመታው መስኮትና ማሞቂያ አጠገብ አይቀመጥ። ካስነጠሰው ወይም ሲተነፍስ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ካለው ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ቆሎ ይበላል? እንጀራስ? (ብዙ ሰው)

ዋናው ምግቡ ለሃምስተር የተዘጋጀው ድብልቅ ነው፤ ለሶሪያው በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ለድንክዬው አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ጨውም ቅመምም ያልነካው የገብስ ቆሎ ሁለት ሦስት ፍሬ መስጠት ይቻላል። እንጀራ ግን ጉንጩ ውስጥ ይጣበቃል፤ ይቅርበት። ወጥ የነካው ነገር በፍጹም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይጎዱታል። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ቸኮሌትና ጥሬ ባቄላም አይሆኑም። ኪያር፣ ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል በጥፍር ልክ ይወዳል። ድንክዬዎቹ ስኳር በሽታ ስለሚያጠቃቸው ፍራፍሬ አትስጧቸው። ደረቅ እህል ጎሬው ውስጥ ሲያከማች አትዝረፉት፤ አትክልቱን ብቻ በማግስቱ አንሱ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ «አይጥ አስገብታችሁ ነው የምትኖሩት?» ብላ አዘነች። እህቴም ነፍሰ ጡር ናት፤ አብራን ነው የምትኖረው።

የእናትሽን ስሜት አታቃልይው። አይጥ ጎተራ የሚያራቁትና በሽታ የሚያመጣ ሆኖ ነው የምታውቀው። ማታ ሲወጣ አብራችሁ ተመልከቱት፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሲታጠብ ካየችው ሐሳቧ ሊለወጥ ይችላል። ካልተለወጠም ክፍሏ አጠገብ አይሁን።

የእህትሽ ግን የስሜት ጉዳይ አይደለም። ሃምስተር ኤልሲኤምቪ የሚባል ቫይረስ ሊይዝ ይችላል፤ በእርግዝና ጊዜ ከተላለፈ ፅንሱን በጣም ይጎዳል። እስክትወልድ ሌላ ቤት ቢቆይ ይሻላል። ካልተቻለ ከእሷ በራቀ ክፍል ይሁን፤ እሷ አትንካው፣ አታጽዳውም። ለሐኪሟም ትንገር። ሁላችሁም ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ አትሳሙት፤ የኬጁን ዕቃ ኩሽና ውስጥ አትጠቡ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሃምስተር ባይገዛ እመርጣለሁ።

ጠዋት ቀዝቅዞ፣ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሞቷል? (ሚኒያፖሊስ)

ለመቅበር አትቸኩል። ክፍሉ በጣም ሲበርድ ሃምስተር ሰውነቱን አቀዝቅዞ በከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ትንፋሹ በጣም ይራራቃል፤ ጎኑንና ጢሙን ለብዙ ደቂቃ ዓይንህን ሳትነቅል ተመልከት። በመዳፍህ አቅፈህ ደረትህ ላይ ቀስ እያልክ አሙቀው። ሙቅ ውኃ፣ ፀጉር ማድረቂያ፣ ማሞቂያ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም። መንቃቱ ጊዜ ይወስዳል። ሲነቃ ውኃና ምግብ ስጠው፣ ከዚያ ለሐኪም ደውል። በሰዓታት ውስጥ ሰውነቱ ከደረቀ ግን ሞቷል፤ አዝናለሁ።

ይሸታል። ሳምንት ሳምንት አጥበዋለሁ።

ማጠቡን አቁሚ። የቆዳው ቅባት ይሄዳል፣ ብርድም ይመታዋል። በሳህን ንጹሕ አሸዋ አድርጊለት፤ ተንከባሎ ራሱን ያጸዳል። ዱቄት የሚመስለው አቧራ ግን አይሁን። የሚሸናበትን ጥግ በየቀኑ ጥረጊ፤ ንጣፉን ሙሉ በሙሉ አትቀይሪ፤ አንድ ሦስተኛውን ብቻ። የራሱ ሽታ ከጠፋ ቤቱ የጠፋ ያህል ይደነግጣል።

ዳሌው ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ነጥብ አየሁ። መዥገር ነው?

ሁለቱም ጎን እኩል ቦታ ላይ ከሆኑ የሽታ ዕጢዎቹ ናቸው። አትነካካቸው።

አምልጧል! (የ11 ዓመት ልጅ፣ ለንደን)

አይዞሽ የኔ ልጅ። የሁሉንም ክፍል በር ዝጊ፣ የሽንት ቤቱንም ክዳን። ሁሉም እግሩ ሥር እያየ ይራመድ። ማታ መብራት ሲጠፋ በየክፍሉ ወለል ላይ ትንሽ ዱቄት ነስንሺ፤ ጠዋት ዱካው የት እንዳለ ይነግርሻል። እዚያ ክፍል ባልዲ አስቀምጪ፤ ከውስጡ ንጣፍና ኪያር፣ ከውጭ በመጻሕፍት የተሠራ ደረጃ። ወደ ምግቡ ይወርዳል፣ መውጣት ግን አይችልም። ከማቀዝቀዣውና ከምድጃው ጀርባ ሙቀት ስላለ እዚያም እይ።

ለገና አገር ቤት ልንሄድ ነው። ምን እናድርገው? (ቤተሰብ፣ ዴንቨር)

ይዛችሁት አትሂዱ፤ ብቻውንም አትተዉት። ከነኬጁ ጓደኛ ቤት ውሰዱት፤ ከመሄዳችሁ አንድ ሳምንት ቢቀድም ይመረጣል፣ አዲሱን ቦታ እናንተ እያላችሁ ይለምደዋል። የዕለት ምግቡን በትንንሽ ፌስታል መጥናችሁ ቀን ጻፉበት፤ አለበለዚያ አዝነውለት አብዝተው ይሰጡታል። ውኃው በየቀኑ እንዲቀየር፣ የሚጠጣው ከጡጦ ከሆነም ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ኳስ በጣት ነክተው ውኃው መውረዱን እንዲያዩ ንገሯቸው። የሐኪሙን ስልክና ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡላቸው፤ ደውለው ሳያገኟችሁ እንዳይጨነቁ።