ኮፈኑን ከማስቆረጣችሁ በፊት

የድሮ ስፖርት መኪና ገዝታችሁ ኮፈኑን ለማስቆረጥ የምታስቡ ልጆች፣ እስቲ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ። ላሜራ መቀጥቀጥ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን እንግሊዝ አገር፣ የድሮ መኪኖች በሚታደሱበት ጋራዥ ውስጥ ነው። አሁን አውሮፓ ያላችሁ የኛ ልጆች ኤምጂቢ፣ ኦስቲን ሂሊ፣ አንዳንዶቻችሁም ጃጓር ስትገዙ አያለሁ። ደስ ይለኛል። ገንዘባችሁም መኪናውም እንዳይበላሽ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ከዋጋ አትጀምሩ። ለምን እንደምታስቆርጡት ይጠይቃችሁ እንደሆነ እዩ። ሳይጠይቅ መቁረጫ የሚያነሳ ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ፣ እጁ ወርቅ ቢሆንም እንኳ። ኮፈን የሚቆረጠው ወይ የተቀየረው ሞተር ከፍ ብሎ አላዘጋ ሲል፣ ወይ ሙቀት ማስወጣት ሲያስፈልግ፣ ወይ ለውበት ነው። ለውበት መሆኑ ነውር የለውም፤ ግን በግልጽ ንገሩት፣ ሥራው ይለያያል።

ኤምጂቢን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተ መኪና ነው። በ1967 ፋብሪካው ራሱ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ሲከትበት ቦታ ጠበበና ኮፈኑ ላይ ሰፊ እብጠት፣ እሱ ላይ ደግሞ ለካርቡራተሩ ትንሽ ጉብታ ማውጣት ግድ ሆነ። ኤምጂሲ የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ ኬን ኮስቴሎ የሚባል ሰው የሮቨር ኩባንያን ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ኤምጂቢ ውስጥ እየገጠመ መሸጥ ጀመረ፤ የሱም ኮፈን ጉብታ ነበረው። በ1973 ፋብሪካው የራሱን ቪ8 ሲያወጣ ግን ካርቡራተሮቹን ወደ ሞተሩ ኋላ ወስዶ ዝቅ አደረጋቸው። ኮፈኑ ምንም ሳይነካ ተዘጋ። ሞተሩ ያው የሮቨር ሞተር ነው! ስለዚህ ባለሙያችሁ "ከታች የሚነካ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱን እንይ" ካላችሁ ሥራ እየሸሸ አይምሰላችሁ።

በሞተሩና በኮፈኑ መካከል ያለውን ክፍተት ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ልጆች የሚጫወቱበትን ፕላስቲሲን የአየር ማጣሪያው አናት ላይ ከምሩ፣ ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉ፣ ከዚያ ከፍታችሁ የተጨፈለቀውን ውፍረቱን ለኩ። ሞተር የተቀመጠው በላስቲክ መደገፊያዎች ላይ ነው፤ ነዳጅ ስትሰጡት ይወዛወዛል። ቆሞ ሲለካ ለጥቂት ያለፈ ነገር መንገድ ላይ ኮፈኑን ከሥር ይመታዋል።

ሙቀት ከሆነ ችግሩ ደግሞ መጀመሪያ ራዲያተሩን አሳዩ። ተደፍኖ ይሆናል፣ ታይሚንጉ (ሻማው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ተዛብቶ ይሆናል፣ አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ ማለፍ ሲገባው በጎን እያመለጠ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው አሁንም የሚሞቅ ከሆነ ሉቨር ማስወጣት ያስኬዳል፤ እነዚያ ተደርድረው የተከፈቱት የአየር መውጫዎች ማለቴ ነው። ከ1955 እስከ 1956 የተሠራው ኦስቲን ሂሊ 100ኤም ሉቨር ያለው ኮፈን፣ ከላዩም የቆዳ ቀበቶ ነበረው፤ እስካሁን ሰው ሁሉ እሱን መምሰል ይፈልጋል። ግን ቦታው ወሳኝ ነው። መኪናው ሲሄድ ከፊት መስታወቱ ሥር አየር ይታመቃል፤ እዚያ አካባቢ የተከፈተ ቀዳዳ ሙቀት ማስወጣቱ ቀርቶ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ወደ አፍንጫው ጠጋ ሲል ነው አየሩ ወደ ላይ የሚሳበው። አጫጭር የሱፍ ክር በፕላስተር ኮፈኑ ላይ ለጥፉና እየነዳችሁ ጓደኛችሁ ቪዲዮ ያንሳ። ነፋሱ የት ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚገለባበጥ ታያላችሁ።

ሥራው ሲጀመር ከተፈቀደላችሁ ቁሙና እዩ። ሉቨር የሚወጣው በፕሬስ ነው፤ ማሽኑ በአንድ ምት አንዱን ጠርዝ ቆርጦ ሌላውን ያጎብጠዋል። መስመሩ ከተዛባ መመለሻ የለውም። ብዙ ጊዜም ከሥር ያለው የኮፈኑ አጥንት መነሳት አለበት፤ ለዚህ ዙሪያውን የታጠፈው ጠርዝ ሳይሰነጠቅ መፈታት አለበት፣ የሰውየው ችሎታ የሚለየው እዚህ ነው። አጥንቱን ቆርጦ ሳይተካ የሚተው ካለ ኮፈኑ አውራ ጎዳና ላይ ይርገበገባል።

የመጀመሪያዎቹ የኤምጂቢ ኮፈኖች አሉሚኒየም ናቸው። አሉሚኒየም ሲቀጠቀጥ ይደርቃል፣ እንደገና በእሳት ማለስለስ ያስፈልጋል። ሲሞቅ ግን እንደ ብረት አይቀላም፤ ቀለሙን ሳይለውጥ ድንገት ቀልጦ ይወርዳል። ስለዚህ አዋቂው መጀመሪያ የብየዳውን ጋዝ፣ አሴቲሊኑን፣ ብቻ ለኩሶ ጥቀርሻ ያለብሰዋል፣ ከዚያ ኦክስጂን ጨምሮ ያሞቀዋል፣ ጥቀርሻው ሲጠፋ እሳቱን ያነሳል። ይህን ሲሠራ ያያችሁትን ሰው አትልቀቁት። ብረት ከሆነ ደግሞ ነጥብ ነጥብ እያደረገ፣ እያቀዘቀዘ ይበይድ። አንድ ወጥ አድርጎ ከሳበው ላሜራው ይጣመምና ያንን በስቱኮ ሲሸፍኑላችሁ ታገኙታላችሁ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ብየዳው ላይ አስጠጉ፤ ስቱኮው ወፍራም ከሆነ አይዝም።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። መኪናው ይዞት የመጣውን ኮፈን አታስቆርጡ። ሌላ ፈልጉ። ለኤምጂቢ አዲስ ኮፈን ዛሬም ይሠራል፣ ያገለገለም ሞልቷል፤ እሱን ቆርጣችሁ የጥንቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ጃጓር ኢ-ታይፕ ላይ ይህ ይብሳል፤ የሱ ኮፈን ከነጭቃ መከላከያው የመኪናው ፊት በሙሉ ነው። የመጀመሪያዎቹ ላይ ሉቨሩ ለብቻው ተሠርቶ የተበየደ ነው፣ የኋለኞቹ ላይ ግን ከኮፈኑ ጋር አንድ ላይ የወጣ ነው፤ ገዢዎች ይህን ጎንበስ ብለው ያያሉ። አንድ ልጅ የተቆረጠ ይዞልኝ መጥቶ "ወደ ነበረበት መልስልኝ" ብሎኝ ነበር። የቆረጡለት ሰዎች ቁራጩን እንኳ አላስቀመጡለትም።

ስትረከቡ በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን እዩ፣ መቆለፊያውንና ሁለተኛውን መያዣ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ኢንሹራንሳችሁም ለውጡን ማወቅ አለበት። ፎቶውንና ደረሰኙን ላኩላቸው፣ መንገድ የምትወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።