ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ምን ተምረሃል ብዬ ልጠይቀው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ እኖራለሁ። እናቴን ካጣሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ገበያ መውጣት ያስጠላኛል፣ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። ቶሎ ሐኪም ቤት ብወስዳት ኖሮ ትተርፍ ነበር እያልኩ እብሰለሰላለሁ። እህቴ አንድ ሳይኮቴራፒስት (በንግግር የሚያክም ባለሙያ) ጠቁማኛለች። ምን ተምረሃል፣ እንዴት ነው የምትሠራው ብሎ መጠየቅ ነውር ይሆን? ደግሞስ ሕክምናው ወሬ ከሆነ ከጎረቤትም ጋር ይወራ የለ? ሰው ሰምቶ «አማኑኤል ገባች» እንዳይለኝም እፈራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ነውር የለውም፤ ይጠይቁት። ሲጠየቅ የሚቆጣ ባለሙያ ከሆነ ሁለተኛ አይመለሱበት። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ብቻውን ሰው ለማከም አያበቃም። በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ወይም በካውንስሊንግ ከዚያ በላይ ተምሮ እንደሆነ፣ በልምምድ ጊዜው ታካሚ ያየው አንጋፋ ባለሙያ እየተከታተለው እንደሆነ፣ የሙያ ፈቃድ እንዳለው፣ ሐዘን የጎዳቸውን ሰዎች አክሞ እንደሚያውቅ ይጠይቁ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬም ቢሆን ጉዳይ ሲከብደው የሚያማክረው ሰው አለው ወይ? «ሁሉንም ራሴ እችላለሁ» የሚል ያሳስበኛል። ሳይካትሪስት ከሆነ ደግሞ የሕክምና ዶክተር ስለሆነ መድኃኒት ማዘዝ ይችላል፤ ለንግግር ሕክምና የሚሆን ጊዜ ግን ሁሉም አይኖራቸውም።

ወሬ ነው ላሉት። ጎረቤት ለቅሶ ላይ ያደረገልዎትን አላሳንስም፤ ያ ባይኖር ብዙ ሰው ይሰበር ነበር። ግን ጎረቤት ስለሚወድዎት «አይዞሽ፣ በቃሽ፣ አታልቅሺ» ይላል፤ እርስዎም እሱን ላለማስጨነቅ ዝም ይላሉ። ጥፋተኛነቱ የሚብላላው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ሳይኮቴራፒስቱ አያስቆምዎትም። የእናትዎን የመጨረሻ ቀናት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሲያስፈልግም ደጋግመው፣ እንዲነግሩት ይጠይቅዎታል። ካርል ሮጀርስ የተባለው አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ሰው ሳይፈረድበት ከልብ ሲደመጥ ራሱን መመርመር እንደሚጀምር አጥብቆ ያስተምር ነበር፤ ዛሬም አብዛኛው ሥራ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ማዳመጥ ብቻውን ግን ላይበቃ ይችላል። አሮን ቤክ የተባለ ሳይካትሪስት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድብርት ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን የሚወቅስ ሐሳብ ሳይፈልጉት እየመጣ እንደሚወርራቸው አስተውሎ፣ ሐሳቡን በማስረጃ የሚመረምር ሕክምና አዘጋጀ። የእርስዎን «ቶሎ ብወስዳት ኖሮ» እንውሰድ። ባለሙያው «ጥፋትሽ አይደለም» ብሎ አይዘጋውም፤ ያንን መቶ ጊዜ ሰምተውታል፣ አልሠራምም። በዚያን ቀን ምን ምልክት ታየዎት? እናትዎ ራሳቸው ምን አሉ? ዛሬ የሚያውቁትን ያን ጊዜ ያውቁት ነበር? መልሱን የሚያገኙት ራስዎ ስለሆኑ ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣ የሚመልሱለት ነገር ይኖርዎታል። ጎን ለጎን ትንንሽ የቤት ሥራ ይሰጥዎታል፤ በዚህ ሳምንት በጠዋት ጣና ዳር እስከ መናፈሻው በእግር መሄድ፣ በሚቀጥለው ከጓደኛ ጋር ገበያ መውጣት። ደስታው እስኪመጣ ሳይጠበቅ እንቅስቃሴው ይቀድማል። በዚህ መንገድ የሚሰጥ ሕክምና ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ሲሆን ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። አምስት ስድስት ጊዜ ሄደው ምንም ካልተለወጠ ይንገሩት፤ አካሄዱን መቀየር ወይም ወደ ሌላ መላክ የእሱ ግዴታ ነው።

ስለ ሰው ወሬ የፈሩት እውነተኛ ስጋት ነው። ባሕር ዳር ሰፍታለች፤ ቢሆንም በዕድርና በማኅበር ሰው ከሰው ይተዋወቃል። የነገሩትን ሁሉ በምስጢር መያዝ የባለሙያው ግዴታ ነው፤ የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ወይም ሕግ ሲያስገድደው ብቻ ለሌላ ሊናገር ይችላል። ይህንን በመጀመሪያው ቀን ራሱ ካልነገረዎት ያነሡበት። የዕድርዎ አባል ወይም ዘመድ ሆኖ ከተገኘ ሌላ ሰው እንዲጠቁምዎት ይጠይቁ፤ ለሴት መንገር ከቀለለዎትም ይናገሩ። ጠበልዎንና ጸሎትዎን ተዪ የሚል ከገጠመዎት አይቀበሉት፤ አብረው ይሄዳሉ።

እኔ በደብዳቤ በሽታ አልወስንም። ነገር ግን ሐዘን ከስድስት ወር አልፎ ሳይቀል ኑሮን ሲያሰናክል የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ራሱን የቻለ ችግር ብሎ ይመዘግበዋል፤ ስለዚህ «ጊዜ ይፈታዋል» ብለው አይቆዩ። ከቀጠሮው በፊት የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያድርጉ፤ ሁለቱም ድካምና የስሜት መለዋወጥ ያመጣሉ፣ በደጋው አካባቢያችንም እንቅርት እንግዳ አይደለም።

መኖር አስጠልቶዎት ራስን ስለ መጉዳት ማሰብ ከጀመሩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ለእህትዎ ይንገሩ፣ ቤት ያለውን የተባይ መርዝና ትርፍ መድኃኒት ያስወጡ፣ ያንኑ ቀን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሰው አስከትለው ይሂዱ።