ቁልቁለት ላይ የሚቆመው ማን ነው?

ወንድሜ፣ «በጠባብ የተራራ መንገድ ቁልቁል ስወርድ ከታች ሌላ ሳይክል ወይም እግረኛ ቢመጣ ማን ይቁም? ደወል ካለኝ አይበቃም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ተራራ ላይ ሳይክል መንዳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁና ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

የሚቆመው ወራጁ ነው። አንተ ማለት ነው። ዳገት የሚወጣ ሰው ትንፋሹ አጥሮት፣ ዓይኑን የፊት ጎማው ሥር ተክሎ ነው የሚመጣው። አንዴ ከቆመ እንደገና መነሳት ይከብደዋል፣ የኋላ ጎማውም እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል። አንተ ዳር ይዘህ ብትቆም የምታጣው ጥቂት ሰከንድ ነው። መንገዱ ለመውረጃ ብቻ ተብሎ ምልክት ከተደረገበት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እግረኛና ፈረሰኛ ከሁላችንም ይቀድማሉ። ፈረስ ስታይ ራቅ ብለህ ቁም፣ ከሳይክሉ ውረድ፣ ፈረሰኛውን በለሰለሰ ድምፅ ሰላም በለው። ሄልሜትና መነጽር ያደረገ ሰው ለፈረሱ እንግዳ ፍጥረት ነው፤ የሰው ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል። ቦታው ከፈቀደ በቁልቁለቱ በኩል ቁም። ከበላዩ የቆመ ነገር ያስደነግጠዋል።

ደወል ጥሩ ነው፣ ግን መኖርህን ይናገራል እንጂ መንገድ አያስለቅቅም። ከሩቁ ደውል። ከኋላ ከደረስክ «በግራ በኩል ልለፍ» በልና ሰውየው እስኪሰማህ ጠብቅ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሊኖር ይችላል። ከኋላህ ጓደኞች ካሉ «ሁለት ሰው ይከተለኛል» ማለትን አትርሳ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፍጥነትህ ነው። ጥያቄህ ውስጥ አልጠቀስከውም፣ ዋናው ጉዳይ ግን እሱ ነው። መንገዱ ወደላይም ወደታችም የሚነዳበት ከሆነ፣ ፊት ለፊት ከሚታይህ ርቀት ግማሹ ላይ መቆም መቻል አለብህ። ግማሹን ብቻ፣ ምክንያቱም ከወዲያ የሚመጣውም ሰው ለመቆም የራሱን ግማሽ ይፈልጋል። ኩርባው በቁጥቋጦ ከተሸፈነ የሚታይህ 10 ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በ5 ሜትር ውስጥ መቆም በምትችልበት ፍጥነት ግባ። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ማለት እዚህ አይሠራም። መንገዱን ታውቀው ይሆናል፣ ከኩርባው ጀርባ ያለችውን ልጅ ግን አታውቃትም።

ፍሬን የሚያዝበት ቦታም አለው። ኩርባው ውስጥ ከገባህ በኋላ ሳይሆን ሳትገባ ፍጥነትህን ቀንሰህ ጨርስ። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ ግን ቀስ እያልክ ጨምርበት እንጂ በአንዴ አትጨብጠው። የኋላውን ቆልፈህ መንሸራተትን ተው። ቶሎ አያቆምህም፣ መንገዱንም ይቆፍረዋል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ያንን ቦይ ተከትሎ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ፔዳሎቹን አግድም አድርገህ ቁምባቸው፣ ክንድህንና ጉልበትህን አላላ፣ ዓይንህን ወደ ኩርባው መውጫ ላክ።

ጭቃ ከሆነና ጎማህ ጥልቅ ፈር እየተወ ከሄደ ተመለስ። ኩሬ ከገጠመህ ደግሞ መሃሉን ሰንጥቀህ እለፍ። በዳር በዳር የምንዞር ከሆነ መንገዱ እየሰፋ ሣሩን ይበላዋል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ ውሃ ያዝ። በየት በኩል እንደምትሄድ ለአንድ ሰው ንገር። ሄልሜትህ ከቅንድብህ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በኃይል ከተመታ፣ ውጪው ደህና ቢመስልም ቀይረው። የውስጡ ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ቦታው አይመለስም።

ሰው ከወደቀ መጀመሪያ አንዱ ወደላይ ሮጦ፣ ከኩርባው በፊት ቆሞ የሚወርዱትን ያስቁም። የወደቀውን ጎትታችሁ አታንሱት። አንገቱን ካመመው ሄልሜቱን አታውልቁ፣ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ እርዳታ ጥሩ። ካስታወከ፣ ግራ ከተጋባ ወይም አንድ ጥያቄ ከደጋገመ «ደህና ነኝ» ቢላችሁም ሳይክሉ ላይ አይውጣ። ብቻውን ሳትተዉት ሐኪም ጋ አድርሱት።