ፔት ተነሥተው ንጹሕ ተባሉ፤ ታዲያ ሌላ ፔት ለምን?

ጥያቄ፦ አባቴ ፕሮስቴታቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። በቅርቡ ግን የፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው፣ በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን) መጠናቸው ቀስ በቀስ እየጨመረ 0.4 ደረሰ። በኤፍዲጂ ፔት ስካን ተነሥተው «ምንም አይታይም» ተባልን። ደስታችንን ሳንጨርስ ሌላ ሐኪም «በፒኤስኤምኤ ፔት ይነሡ» አሏቸው። በከንቱ ለጨረር እየተጋለጡ ይሆን?

መልስ፦ ሁለተኛውን ሐኪም ይስሟቸው። ብዙ ቤተሰብ ፔት ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። የፔት ካሜራው የሚያሳየው በደም ሥር የተሰጠው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተከማቸበትን ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ «ምንም አይታይም» ሲባሉ «በምን ተነሥተው?» ብለው ይጠይቁ።

ኤፍዲጂ ከስኳር ጋር የሚመሳሰል ነው። ሊምፎማንና ብዙ የሳንባ ካንሰሮችን ቁልጭ አድርጎ ያወጣል። አብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር ግን ስኳር ብዙም አይፈልግም። በዚያ ላይ ኤፍዲጂ በሽንት ስለሚወጣ ፊኛው እንደ ፋኖስ ያበራና አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ነጥብ ይውጣታል። ፒኤስኤው 0.4 የሆነ ሰው በኤፍዲጂ ንጹሕ ሲባል እኔ ልቤ አያርፍም።

ፒኤስኤምኤ በአብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር ሕዋስ ላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ ጋሊየም 68 ወይም ፍሎሪን 18 የተሸከመው መድኃኒት እዚያ ይጣበቃል። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2020 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ገና ሕክምና ያልጀመሩ 302 ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው ወንዶችን መርምሮ፣ የፒኤስኤምኤ ፔት ትክክለኛነት 92 በመቶ፣ የሲቲና የአጥንት ስካን ጥምረት ግን 65 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ከዚያ በፊት ኮሊንና ፍሉሲክሎቪን የተባሉ ሌሎች የፔት ንጥረ ነገሮች አገልግለዋል፤ ፒኤስኤ ዝቅተኛ ሲሆን ግን ፒኤስኤምኤ ይበልጣቸዋል።

ሆኖም እሱም ሁሉን አያይም። በ0.4 ላይ በሽታው ያለበት ቦታ የሚገኘው ከታካሚዎች በግማሽ ገደማ ነው። ምስሉ ንጹሕ ቢወጣም ፒኤስኤው እየጨመረ ነውና፣ ሐኪሙ ፕሮስቴቱ የነበረበትን ቦታ በጨረር ለማከም ካሰቡ «ምንም አልታየም» ብላችሁ አታዘግዩ፤ ይህ ሕክምና ፒኤስኤ ገና ዝቅ ሳለ ሲጀመር ይሻላል። በተቃራኒውም፣ በጎድን አጥንት ላይ አንዲት ደብዘዝ ያለች ነጥብ ብትታይ ወዲያው አትደንግጡ። በተለይ ፒኤስኤምኤ 1007 በሚባለው የፍሎሪን 18 መድኃኒት ሲነሡ እንዲህ ያለው ነጥብ ብዙ ጊዜ ካንሰር አይደለም። የምራቅ ዕጢዎች ማብራትም ጤናማ ነው።

ኤፍዲጂ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በሽታው ገፍቶ የሆርሞን ሕክምናን ሲቋቋም አንዳንዱ ዕጢ ፒኤስኤምኤውን ያጣና ስኳር ፈላጊ ይሆናል። በዚህም የተነሣ ፒኤስኤምኤ ላይ ተጣብቆ ካንሰሩን በጨረር በሚመታው በሉቴሽየም 177 መድኃኒት ከማከም በፊት ሁለቱም ምስሎች የሚታዘዙበት ጊዜ አለ። አባትዎ ግን እዚያ ደረጃ ላይ አይመስሉኝም።

የጨረሩ ነገር አያስጨንቅዎ። የጋሊየም 68 ኃይል በ68 ደቂቃ፣ የፍሎሪን 18 ደግሞ በ110 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ውኃ በደንብ ይጠጡ፤ ሊነሡ ሲሉም ፊኛቸውን ባዶ ያድርጉ። የቀድሞውን ምስል በሲዲ ይዘው ይሂዱ። የሆርሞን መርፌ ጀምረው ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ፤ ምስሉን ሊለውጠው ይችላል።